አባቴ ያጸዳው ኮረብታ

አባቴ ለኢቮ ክብር ብሎ ኮረብታውን ሲያጸዳ እኔ ከተማ ነበርኩ።

ለበጎቹ የትል መድኃኒት ልገዛ ሄጄ፣ በዚያው ልብስ ሱቅ ገብቼ የማያስፈልገኝን ሰማያዊ ሸሚዝ ስለካ ቆይቼ፣ ስመለስ ገና ከድልድዩ ላይ ጭሱን አየሁት። ጭስ ብርቅ አይደለም። የበጋው የእሳት ክልከላ የተነሳው በዚያው ሳምንት ነበር፤ ክልከላው ሲነሳ ደግሞ የእኛ ሰፈር ገበሬ ሁሉ ክብሪት በኪሱ ይዞ ነው የሚውለው። ይሄኛው ግን የሚወጣው ከላይ፣ ከአሮጌዎቹ ባሕር ዛፎች መሃል ነበር። የፒክአፑን በር እንኳ ሳልዘጋ ሽቅብ ሮጥኩ።

አባቴ ክላይቭ የትራክተሩ ጎማ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ ጥላሸት ለብሷል፤ ከጥላሸቱ ስር ግን ፈገግ ብሏል። አባቴ ሲፈግግ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ስለሆነ አንዱንም አልረሳም። ከየዛፉ ስር ወድቆ የኖረው ግንድ፣ ቅርንጫፉ፣ ጭራሮው፣ ሁሉም ተገፍቶ ተከምሮ ይነዳል። ሣሩ እንደ ሙሽራ ጸጉር ተበጥሯል።

“እንዴት ነው?” አለኝ። “ያ ወዳጅሽ ነገ ሲመጣ ሰው ቤት መምጣቱን ይወቅ።”

አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አፌ ደግሞ በቀላሉ የሚዘጋ አይደለም፤ ጎረቤታችን ሬክስ “የዚች ልጅ ምላስ በግ ይሸልታል” ይላል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ኮረብታችን ታርሶ አያውቅም። ድንጋያማ ስለሆነ ከአያቴ ጀምሮ ከበግ በቀር ምንም አልገባበትም፤ አካባቢው ሁሉ ተመንጥሮ ስንዴ ሲሆን የጥንቱ ዛፍና የጥንቱ ሣር የቀረው እዚህ ላይ ነው። አባቴን ጉልበቱ ከድቶታል፣ እርሻውን እንደ ድሮው መያዝ አልቻልንም፣ ሬክስ ደግሞ ኮረብታውን ገዝቶ ሊያርሰው አሰፍስፎ ይጠብቃል። የቀረን መንገድ ማካካሻ የሚባለው ነበር። መንግሥት አውራ ጎዳናውን ሊያሰፋ ከወንዙ ማዶ የእኛን የሚመስል ደን ሊቆርጥ ነው፤ ከመቁረጡ በፊት ግን በምትኩ ሌላ ደን፣ በሰው የግል መሬት ላይ ያለ፣ ለዘላለም እንዲጠበቅ መክፈል አለበት። የኛ ኮረብታ ከተመረጠ እዚያው እየኖርን ለአጥሩ፣ ለአረሙ፣ ለቀበሮው መከላከያ ከመንግሥት ፈንድ በየዓመቱ ይሰጠናል፤ ሬክስም ሆነ የልጅ ልጁ ማረሻ አያስገባበትም።

ለመመረጥ ግን የሚለካ ባለሙያ ይመጣል። ባለፈው ጸደይ ለመጀመሪያ ጉብኝት የመጣው ኢቮ ማሪች ነበር፤ የሲድኒ ልጅ፣ ባለ ሁለት ዲግሪ፣ መዳፉ እንደ ሊጥ የለሰለሰ። እኔ ትምህርት ቤቱን ገና በልጅነቴ ትቼ፣ የቀረውን ትራክተር ላይ ተቀምጬ ያነበብኩ ሰው ነኝ። የት ተገናኛችሁ ካላችሁኝ፣ አንድ ግንድ ላይ። ትልቅ፣ የወደቀ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ግንድ ነበር። ምሳ ልንበላ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ቡኒ ወፍ ከወዲያኛው ጫፍ ወጥታ በግንዱ ላይ እየዘለለች ወደኛ መጣች። እንዳልንቀሳቀስ ኢቮ የእጄን አንጓ ያዘኝ። ወፏ ሄደች፤ እጁ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ በጋውን ሙሉ ደብዳቤ ነበር። እሱ ወፍ እየሳለ ይልክልኛል፣ እኔ ስለ በግ የጻፈውን ስሕተት እያረምኩ እመልስለታለሁ። አባቴ ፖስታዎቹን ከሳጥኑ አውጥቶ ምንም ሳይል ሳህኔ አጠገብ ያስቀምጣቸዋል።

ከደብዳቤዎቹ የተማርኩት አንድ ነገር፣ ባለሙያዎቹ ከሚለኩት ውስጥ የወደቀ ግንድ እንዳለበት ነው። ለወፏ፣ ለእንሽላሊቱ፣ ለጉንዳኑ ቤት ነው። አባቴ ይህን አያውቅም። በእኛ አገር መስኩ ላይ ግንድ ተጋድሞ የተወ ገበሬ ሰነፍ ነው፤ በግ ገበያ ላይ ስሙ ይነሳል። ኢቮ በጸደይ ሲሄድ “በግ አታስገቡበት” ብሎን ነበር፤ አባቴም አላስገባም። ስለ ግንድ ግን ማንም ለማንም አልነገረም። ልጁን የወደደ ሰው ይመጣል ተብሎ፣ አባቴ እሱ የሚያውቀውን ክብር ሁሉ አደረገ።

ትልቁ ግንድ ለትራክተሩ አልገፋ ብሎ ባለበት ይነዳ ነበር። ወፏ ትወጣበት ከነበረው ቀዳዳ ነበልባል ይወጣል።

“ንጹሕ ነው፣ አባዬ” አልኩት። ክንዴን ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩ። እሳቱ ፊቴን ይለበልበኛል፤ ውስጤ ግን በረዶ ነበር።

*

ኢቮ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰ። ሸሚዙ ተተኩሷል። የሜትር ገመዱና ካስማዎቹ ያሉበትን ቦርሳ ግን ከመኪናው አላወረደም።

አባቴ እያነከሰ ከፊት ከፊት ወጣ፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት፣ የቱ ጉቶ እንዳስቸገረው ሲያወራ ነበር። ላይ ስንደርስ ኢቮ ቆመ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም የት እንደገባ እንጃ። ዓይኑ ቀጥታ ወደ ግንዳችን ሄደ። ግንዱ ቅርጹን ሳይለቅ ነጭ አመድ ሆኖ ተጋድሟል፤ እፍ ቢሉት የሚበተን።

“ንጹሕ ነው፣ አይደል?” አለ አባቴ።

ኢቮ ጉሮሮውን ጠረገ። “ንጹሕ ነው፣ ሚስተር ጋሪክ። ብዙ ደክመዋል።”

“ክላይቭ በለኝ” አለና ምድጃ ውስጥ ያለውን ሥጋ ላገላብጥ ብሎ ወረደ። አወራረዱን ላየ ጉልበቱ የዳነለት ይመስል ነበር።

ሁለታችን ብቻ ቀረን። ነፋስ እንኳ አልነበረም።

“ማርኒ” አለኝ፣ “ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።”

“ሜትርህን አምጣ።”

“መጀመሪያ ስሚኝ።”

“ለመለካት እንኳ አይበቃም ማለት ነው? ዓይንህ ፈረደ?”

“እንደሱ አይደለም።”

“እንግዲያው አምጣና በጸደይ ያየኸውን ጻፍ። አይተኸዋል፣ ተቀምጠህበታል። ያላየኸውን አንድም ነገር አልጠየቅኩህም።”

ኢቮ እጁን ኪሱ ከተተ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዝቅ ማለቱ ነው ያናደደኝ። “ከወንዙ ማዶ ያለው ደን ዛሬም ግንዱ መሬት ላይ ነው። ወፎቹ አሉበት። አንድ ሰው ‘እዚህ እኩያው አለ’ ብሎ ሲፈርም ነው መጋዙ የሚነሳበት። ያንን በአመድ ልቀይረው?”

“በአባቴ ቀይረው” አልኩት።

ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሰበር አየሁ፤ አይቼም አላቆምኩም። ለአንተ ግንድ ከሰው ይበልጣል አልኩት። ለዲግሪህ እንጂ ለእኛ አልመጣህም አልኩት። አንድ ሁለቴ አፉን ሊከፍት ሞከረ፤ ቀደምኩት። በመጨረሻ፣ “ምሳህን ብላ” አልኩት፣ “አባቴ ስለደከመ ብላ። ከዚያ ሂድልኝ።”

እንደ ጸደዩ አንጓዬን እንዲይዘኝ ፈልጌ ነበር እንዲህ ያልኩት። አልያዘኝም። አመዱን እያየ ቆሞ ቀረ፤ እኔም ብቻዬን እየወረድኩ፣ እጄ የሌላ ሰው ይመስል ከበደኝ።

*

አባቴ የበጉን ጭን ከዱባና ከድንች ጋር ጠብሶ፣ የናና መረቁን ራሱ አዘጋጅቶ፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ለኢቮ አወጣ። ኢቮ አመሰገነ። እኔ ሳህኔ ላይ ያለውን ድንች ወዲያና ወዲህ አንከባልላለሁ። አባቴ ተራ በተራ ያየናል፤ የሚያፍሩ ፍቅረኞች መስለነው ደስ ብሎታል።

ሬክስ ያን ጊዜ ገባ። ሳያንኳኳ፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

“እህስ፣ ግንድ ቆጣሪው” አለው ኢቮን፣ “ስንት አገኘህ?”

መልሱን ሳይጠብቅ ወደ አባቴ ዞረ። “ክላይቭ ወንድሜ፣ ከመንገድ ሆኜ ሳየው ሳቄን ነው የለቀቅኩት። የአክስቴ ልጅ መሬቱን ለነዚህ ሰዎች ሲያስመዘግብ ምኑን ነው ያዩለት መሰለህ? ቆሻሻውን። የበሰበሰውን ግንድ፣ ጭራሮውን። አትንካው እያሉ ይለምኑት ነበር። አንተ ደግሞ መጥረጊያ ይዘህ ወጣህ።” ከሥጋው በጣቱ ቆንጠር አደረገ። “ለኔ ደግ ነው። ለማረሻ አዘጋጅተህ አስረከብከኝ።”

አባቴ ቢላዋውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነበር ያስቀመጠው፤ ሳህኑን እንኳ አላስጮኸም። ቀና ብሎ ያየው ግን ሬክስን አልነበረም፣ እኔን ነው።

“ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ትናንት ምነው ዝም አልሽ?”

“ትናንት ፈገግ ብለህ አየሁህ።”

አንገቱን ደፋ። ጥላሸቱ ከጥፍሮቹ ስር ገና አልለቀቀም። ጠዋት ሲፈትግ ሰምቼው ነበር፤ በብሩሽ፣ በሳሙና፣ ለእንግዳው። ከዚያ ወደ ኢቮ ዞረ።

“አንተስ? ላይ ቆመህ ንጹሕ ነው አልከኝ።”

“ንጹሕ ነው። ደክመዋልም። በሁለቱም አልዋሸሁም” አለ ኢቮ። “ግንዱን አትንኩ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሰው ደን ያጸዳል ብዬ አላሰብኩም። እናንተን ሳላውቅ ነው መሬታችሁን አውቃለሁ ያልኩት።”

“ታዲያ ሜትርህን ምነው ሳታወጣ ቀረህ? ድካሜ ለመለኪያም አይበቃም?”

ኢቮ ከወንበሩ ተነሳ። 

“መለካት ስለማልችል ነው” አለ። “ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤቴ ገብቼ ከዚህ ሥራ አውጡኝ አልኳቸው። ለምን ሲሉኝ፣ የባለመሬቱን ልጅ እወዳታለሁ አልኩ። ልጅዎን የሚወድ ሰው መሬትዎን ሊለካ አይገባም፤ ያዳላል። ሌላ ባለሙያ ትመጣለች። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህንን ልነግራችሁ፣ ከፈቀዳችሁልኝም እንደ እንግዳ ልቀመጥ ነበር።”

የተተኮሰው ሸሚዝ። ከመኪናው ያልወረደው ቦርሳ። ላይ ሆኖ ሊከፍተው ሲል እየቀደምኩ የዘጋሁት አፍ። ሁሉም በአንዴ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

ሬክስ ሳቅ ሞከረ፤ ብቻውን ስለሳቀ ተወው። አባቴ፣ “በኔ ማዕድ ላይ ኮፍያ አይደረግም” አለው። “ወይ አውልቀው ወይ ይዘኸው ውጣ።”

“ኮረብታውስ?”

“ሴትየዋ ለክታ ስትጨርስ እነግርሃለሁ።”

ሬክስ ወጣ። ኢቮ ደግሞ ተመልሶ ተቀመጠና ሳህኑ ላይ ያለውን አንድ ሳያስቀር በላ፤ አባቴን አመሰገነ፤ ቁልፉን አነሳ። ምሳህን ብላ ከዚያ ሂድልኝ ብዬው የለ፤ እንዳልኩት አደረገ። እኔ ሳህን ማጠቢያው ጋ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ ነበር። አትሂድ ማለት አንድ ቃል ብቻ ነው። ውሃው እየፈሰሰ፣ የመኪናው ድምፅ እየራቀ፣ ያቺው ቃል አፌ ውስጥ እንደ ጠጠር ቀረች።

*

አባቴ ለቀናት ከበጎቹ በቀር ከማንም ጋር አላወራም። ከዚያ አንድ ጠዋት ሻይ ሲጠጣ ጀመረ። ከተማ መግቢያው ላይ መንገዱ ቀድሞ ተጀምሯል፤ እዚያ የተቆረጡትን ዛፎች ፈጭተው የአበባ መደብ ማልበሻ ሊያደርጓቸው ነው አሉ። ሄዶ የሥራውን አለቃ ለመነው፤ ሰውየውም የፈለግከውን ውሰድ ብሎታል። አባቴ ሰው መለመን ምን ያህል እንደሚከብደው የማውቀው እኔ ነኝ።

“ሴትየዋ ሐሙስ ትመጣለች” አለ፣ ኩባያውን እያየ። “ረቡዕ ብናስገባቸው ማን ያውቃል?”

ልቤ አዎ አለ። አፌ ግን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ “እንዳለ ትየው፣ አባዬ። ግንዱን አርብ እናመጣለን” አለ።

ኩባያውን አስቀመጠ። “ከዚያ ልጅ ተምረሽ ነው?”

“ተወኝ እስቲ።”

“እኔ ትቼሻለሁ። ስልኩን አንሺና ይቅርታ በይው፤ ወይስ እሱንም እኔ ልለምንልሽ?”

ደወልኩ። ይቅርታ አላልኩም፤ እዚያ ድረስ ገና አልደረስኩም ነበር። ባለሙያዋ ሐሙስ እንደምትመጣ ነገርኩት። እሱ እዚያ መገኘት እንደማይፈቀድለት ነገረኝ።

“ከአጥሩ ውጭ ያለው መንገድ የመንግሥት ነው” አልኩና ዘጋሁት።

ሐሙስ ዕለት መንገዱ ላይ መኪናውን አቁሞ ተደግፎ ቆሟል። ባለሙያዋ ኢንግሪድ የምትባል ረጅም፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ካስማዋን ተከለች፣ ገመዷን ዘረጋች፣ አመዱ ላይ ደርሳ አጎነበሰች፣ ጻፈች። አባቴ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከኋላዋ ይከተላታል፤ ፍርዱን የሚጠብቅ ሰው ነበር የሚመስለው። እዚያ መቆም አልቻልኩም። ወደ አጥሩ ወረድኩ።

በመሃላችን እሾሃማው ሽቦ አለ።

“ያን ቀን በአባቴ ቀይረው ያልኩህ...” ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም።

“ልንገርሽ” አለኝ ኢቮ። “ያን ቀን ኮረብታው ላይ ቆመሽ ስትለምኚኝ ሜትሩ በእጄ፣ መፈረሙም የኔ ቢሆን ኖሮ፣ እጽፍልሽ ነበር። አውቀዋለሁ። ከሥራው ቀድሜ የወጣሁት ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። አንቺ ዘንድ ስደርስ ራሴን ስለማላምነው ነው።”

እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ደብዳቤው ላይ አልጻፈልኝም።

“ሽቦውን ያዝልኝ” አልኩት።

በእኛ አገር አንዱ የታችኛውን ሽቦ በጫማው ይረግጣል፣ የላይኛውን በእጁ ያነሳል፣ ሌላው በመሃል ሾልኮ ያልፋል። ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ኢቮ አያያዙን አላወቀበትም፤ እሾሁ ላይ ጨብጦ ያ ለስላሳ መዳፉ ደማ። አልለቀቀም ግን። ሳልፍ ጀርባዬ ላይ የሆነ ነገር ተቀደደ።

“ሸሚዝሽ” አለ።

“አዲስ ነው። ባንተ ጥፋት ነው የገዛሁት።”

“አይቼዋለሁ። ሰማያዊ ያምርብሻል።”

“ይቅርታ” አልኩት ያኔ፤ ደረቱ ላይ አልኩት፣ ፊቴን እንዳያይ። አንጓዬን ያዘኝ። የጸደዩ እጅ ነበር፤ አሁን ግን ደም ነበረበት፣ ይሞቅ ነበር።

ስንላቀቅ ኢንግሪድ ገመዷን እየጠቀለለች ትወርድ ነበር። እኛን እንዳላየች ሆና ለአባቴ ነገረችው። የወደቀ ግንድ የለም፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ምንም ነጥብ ልትሰጠው አትችልም። ዛፎቹ ግን ወፍ ከሚያድርባቸው ቀዳዳዎቻቸው ጋር ቆመዋል፣ ሣሩም ማረሻ አልነካውም። መሆን ከነበረበት ያንሳል፤ ሆኖም ኮረብታው ማካካሻው ውስጥ ይገባል ብላ ነው የምታቀርበው። ግንድ ከተመለሰና ከተጠበቀ ደግሞ ውሎ አድሮ ይሻሻላል። የመጨረሻው ቃል የበላዮቿ ነው። አባቴ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናት። ከዚያ አንገቱን ወደ መንገዱ አዙሮ የኢቮን እጅና የኔን ሸሚዝ አየና ወደ ቤት ገብቶ ፋሻ ይዞ ተመለሰ።

አርብ ግንዶቹን አመጣን። ዕድሜ ልኩን ከመስክ ግንድ ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ ሲያስገባ ዋለ። ሬክስ መኪናውን አቁሞ በመስኮት አንገቱን አወጣ፤ አብደሃል እንዴ ብሎ ጮኸበት።

“ቆሻሻ እየመለስኩ ነው” አለው አባቴ። “አንተን የሚመለከት መሬት እዚህ የለም።”

ትልቁን ግንድ ለመጨረሻ አቆየው። የድሮው በነበረበት፣ አመዱ ላይ አጋደመው፤ ወርዶ በጫማው ገፋ ገፋ አድርጎ መርጋቱን አየ። ከትራክተሩ ላይ ሆኖ ሲሄድ ዞር አለ።

“ያን ልጅ ለእሁድ ምሳ ጥሪው” አለኝ። “ቤቱን ግን አላጸዳለትም። ደግሞ ምን እንደማቃጥል አይታወቅም።”

ብቻዬን ስቀር ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ገና የመንገድ አቧራና የመጋዝ ሽታ ነበረው። ወፏ አልመጣችም፤ መቼ እንደምትመጣም ማንም አያውቅም። ጠርዙ ላይ ነበር የተቀመጥኩት፤ ከጎኔ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቼ።